ሕግ የማያውቀው ቤተሰብ፦ “ዘ በርድኬጅ” እንዴት ተሠራ፣ ምን ትቶ አለፈ

በጁን 2023 ኦርላንዶ ከተማ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ፣ ከተፈረመ ገና ወር ከምናምን የሆነውን የፍሎሪዳ ሕግ አገዱ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ሕጉ “የአዋቂዎች የመድረክ ትርኢት” ወደሚታይበት ቤት ልጅ ያስገባን ሰው የሚቀጣ ነው። ድራግ የሚል ቃል ውስጡ የለም። ግን ማንን እንደሚመለከት ለማንም አልጠፋውም። ከሳሹም ሐምበርገር ሜሪስ የሚባል ሬስቶራንት ነበር፤ እሁድ እሁድ ቤተሰብ ከነልጆቹ ቁጭ ብሎ እየበላ ድራግ የሚያይበት ቤት።

ለማያውቀው ልንገር። ድራግ አንድ ሰው፣ ብዙ ጊዜ ወንድ፣ የሌላውን ጾታ ልብስ፣ ሜካፕና አነጋገር አጋንኖ መድረክ ላይ የሚዘፍንበትና የሚቀልድበት ትርኢት ነው። የሴት ቀሚስና ዊግ አድርጎ የሚጫወተው ወንድ ድራግ ኩዊን ይባላል። ወንድ ሴት ሆኖ መጫወቱ ብቻውን ብርቅ አይደለም። በሼክስፒር ዘመን እንግሊዝም፣ በጃፓን ካቡኪም፣ በእኛም ዘመናዊ ቲያትር ጅማሬ ላይ የሴት ገጸ ባሕርይ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ድራግን ለየት የሚያደርገው ያደገበት ቦታ ነው። ያደገው በአሜሪካና በአውሮፓ የጌይ ሰዎች፣ ማለትም የራሳቸውን ጾታ የሚያፈቅሩ ሰዎች፣ ክለቦች ውስጥ ነው። ስለዚህ ስለ ቀሚሱ የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ ስለ ሰዎቹም ክርክር ነው።

ከዚያ ፍርድ ቤት በመኪና አራት ሰዓት ያህል ሲነዳ ማያሚ ቢች ይደረሳል። እዚያ ኦሽን ድራይቭ በሚባለው መንገድ ላይ ካርላይል የሚባል ሆቴል አለ። በ1996 መላው አሜሪካ ተሰልፎ ያየው “ዘ በርድኬጅ” የተሰኘው ኮሜዲ የድራግ ክለቡን ፊት ያሳየን በዚህ ሕንፃ ነው። በ31 ሚሊዮን ዶላር ተሠርቶ አሜሪካ ውስጥ ብቻ 124 ሚሊዮን፣ በዓለም ዙሪያ 185 ሚሊዮን ዶላር ያህል አስገባ። በማርች 1996 ከወጣ በኋላ ለአራት ሳምንት በገቢ አንደኛ ነበር። ይህን ገንዘብ የከፈለው የሳውዝ ቢች፣ ማለትም የዚያ የማያሚ ቢች ሠፈር፣ ሰው ብቻ አይደለም። በየክፍለ ሀገሩ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲኒማ የሚገባው ባልና ሚስት ጭምር ነው።

ታዲያ ያ ሕዝብ የሳቀው በምን ነበር? እኔ ይህን ፊልም የምወደው ሳቁን የሚያነጣጥርበትን ቦታ አጥርቶ ስለሚያውቅ ነው።

ታሪኩ አጭር ነው። አርማንድ የድራግ ክለብ ባለቤት ነው። አልበርት የክለቡ ኮከብና የትዳር ያህል አብሮት የሚኖር ሰው ነው። ቫል የሚባል ልጅ አብረው አሳድገዋል። በሥጋ የአርማንድ ልጅ ነው፣ በእንክብካቤ ግን አልበርት ነው እናት የሆነው። ቫል አድጎ አንዲት ልጅ ሊያገባ ነው። የልጅቱ አባት ደግሞ “የሞራል ሥርዓት ጥምረት” የሚባል ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ የሆነ ወግ አጥባቂ ሴናተር ነው። ማኅበሩን አብሮት የመሠረተው ሌላው ሴናተር ዕድሜዋ ያልደረሰ ሴተኛ አዳሪ አልጋ ላይ ሞቶ ሲገኝ፣ ሴናተሩ ከጋዜጠኛ ለመሸሽም፣ ስሙን በሠርግ ለማደስም ወደ ማያሚ ይመጣል። ቫልም አባቱን ይለምነዋል። ለአንድ ማታ ብቻ ቤታችን እንደ “ደህና ሰው” ቤት ይሁን፣ አልበርትም አይኑር ይላል።

ታሪኩ ሲወለድ ፈረንሳዊ ነበር። ዣን ፖዋሬ የጻፈው ቲያትር በ1973 ፓሪስ ላይ ታየ። በ1978 ፊልም ሆነ። ያ የፈረንሳይኛ ፊልም አሜሪካ ገብቶ ማንም ያልጠበቀውን ያህል ታየ፣ ለሦስት ኦስካርም ታጨ። በ1983 ደግሞ የኒው ዮርክ ትልልቅ ቲያትር ቤቶች ባሉበት በብሮድዌይ ሙዚቃዊ ቲያትር ሆኖ፣ ቶኒ የሚባለውን የቲያትር ሽልማት ስድስቱን ወሰደ።

ዳይሬክተሩ ማይክ ኒኮልስ ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ጀምሮ ይፈልገው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ታሪኩን ወደ ኒው ኦርሊንስ ወስዶ በሙዚቃዊ ቲያትር ሊያቀርበው ተነስቶ ሳይሆንለት ቀርቷል። ሁለተኛው ዕድል ሲመጣ ስክሪፕቱን ለኢሌን ሜይ ሰጣት። ሁለቱ በ1950ዎቹ መጨረሻ አሜሪካን ያሳቁ የመድረክ ጥንዶች ነበሩ፤ በ1961 ተለያዩ። ኒኮልስ በርሊን ተወልዶ ከናዚ ሸሽቶ በ1939 በልጅነቱ አሜሪካ የገባ አይሁዳዊ ነው። ይህ ፊልሙ ውስጥ ይታየኛል። የራት ግብዣው ሲደርስ የሚደበቀው የአልበርት ማንነት ብቻ አይደለም። “ጎልድማን” የሚለው የአይሁድ ስም ወደ “ኮልማን” ይቀየራል። አንድ ሰው በኃያላን ፊት ለመቀመጥ ስንት ነገሩን ቀብሮ መምጣት እንዳለበት፣ ስሙን ሳይቀር፣ ያሳየበት መንገድ ነው።

ሜይ የፈረንሳዩን አጽም ጠብቃ ሥጋውን ሙሉ በሙሉ አሜሪካዊ አደረገችው። ጊዜውን አስታውሱ። በ1992 ወግ አጥባቂው ፖለቲከኛ ፓት ቡካነን በሪፐብሊካኖች ጉባኤ ላይ ስለ ባህል ጦርነት የተናገረበት፣ በ1993 ወታደር ጌይ መሆኑን ካልተናገረ ብቻ ያገልግል የተባለበት፣ በ1994 ሪፐብሊካኖች ኮንግረሱን የተቆጣጠሩበት ጊዜ ነው። ኤድስም በአሜሪካ ከፍተኛውን የሞት ቁጥር ያስመዘገበው በ1995 ነበር። ፊልሙ በሽታውን አጀንዳው አላደረገውም። አንዳንዶች በዚህ ይወቅሱታል። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ቀብር መሃል ሁለት ያረጁ ፍቅረኞች በሕይወት እየተነታረኩ ማየት በራሱ ትልቅ ነገር ነበር ብዬ አምናለሁ።

የተዋናዮቹ ምርጫ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ሮቢን ዊልያምስ መጀመሪያ የታሰበው ለአልበርት ነበር። ግን በ1993 “ሚስስ ዳውትፋየር” ላይ የአሮጊት ሞግዚት ልብስ ለብሶ ዓለምን አስቆ ጨርሷል። ሌላ ነገር መሞከር ፈለገና አርማንድን ወሰደ። ይህ ውሳኔ ፊልሙን አዳነው። ተመልካቹ ዊልያምስ እንዲፈነዳ ይጠብቃል፤ እሱ ግን ዝግ ብሎ፣ ሸሚዙን ከፍቶ፣ እንደ ደከመው የቤት አባወራ ይጫወታል። ፍንዳታውን አልበርትን ለተጫወተው ለኔታን ሌን ተወለት። ሌን በዚያን ጊዜ የብሮድዌይ ሰው ነበር፤ ሌላው ሕዝብ ከ“ላየን ኪንግ” ላይ በድምፁ ቢያውቀው ነው። ለሴናተሩ ደግሞ ጂን ሃክማንን አመጡ፤ በፖሊስ፣ በወታደርና በሸሪፍ ገጸ ባሕርይ ፊቱ የተለመደ፣ ጠንካራ ወንድ ሲባል ቀድሞ የሚታሰብ ተዋናይ። ዳያን ዊስት ሚስቱን ሆነች። ካሜራውን የያዘው ኋላ ሦስት ኦስካር የወሰደው ኢማኑኤል ሉቤዝኪ ነው። በውቅያኖሱ ላይ ተንሳፍፎ፣ መንገዱን አቋርጦ፣ ክለቡ ውስጥ የሚገባውን የመክፈቻ ቀረጻ ያየ ሰው አይረሳውም። ስመ ጥሩው የብሮድዌይ ዘፈን ደራሲ ስቲቨን ሶንድሃይምም ለፊልሙ አዲስ ዘፈን ጽፏል። ማለትም ይህ በርካሽ የተለቀለቀ ቀልድ አይደለም። በሙያቸው ጫፍ የደረሱ ሰዎች ተጠርተው የመጡበት ሥራ ነው።

አሁን አንድ ትዕይንት ቀረብ ብለን እንይ። አርማንድ አልበርትን የቫል አጎት ነው ብሎ ሊያስቀምጠው አስቦ ወንድነት ያስተምረዋል። ካፌ ተቀምጠዋል። ወንድ ዳቦ ላይ ሰናፍጭ ሲቀባ እንዴት እንደሚቀባ ያሳየዋል። አልበርት ሲሞክር የተጠበሰው ዳቦ እጁ ላይ ይሰበራል፤ ይጮኻል፣ ዓለም ያለቀ ያህል ይደነግጣል። ከዚያ እንደ ካውቦይ ፊልሞቹ ተዋናይ እንደ ጆን ዌይን ተራመድ ይለዋል። አልበርት ተነስቶ ይራመዳል። አርማንድም ዝም ብሎ አይቶት፣ ልክ ነህ፣ ጆን ዌይን እንደዚህ እንደሚራመድ አስተውዬ አላውቅም ነበር ይለዋል።

የፊልሙ ቁልፍ እዚህ ጋር ነው። አልበርት እንደ ወንድ መራመድ አቅቶት አይደለም የምንስቀው። ያ የከብት ጠባቂ አረማመድ ራሱ የተጠና ትርኢት መሆኑ ድንገት ይበራልናል። ከዚያ በኋላ ሴናተሩ በራት ላይ ስለ አሜሪካ ተራሮችና ሜዳዎች ሲያወራ፣ እሱም ዊግ ያላደረገ ተዋናይ መስሎ ይታየናል። መጨረሻ ላይ ጋዜጠኞች በሩን ከበውት፣ ሃክማን ቀሚስ ለብሶ፣ ዊግ አድርጎ፣ በክለቡ ተጨዋቾች መሃል እየደነሰ ያመልጣል። ያዳኑት ሊያጠፋቸው የሚዝተው ሰዎች ናቸው። እነሱም ያለ ቂም ነው ያዳኑት።

ግን ለእኔ የፊልሙ ልብ ሌላ ቦታ ነው። አልበርት ቤቱ ውስጥ እንደማይፈለግ ሲገባው ተከፍቶ ይወጣል። አርማንድ ተከትሎት አውቶቡስ መጠበቂያ ወንበር ላይ ያገኘዋል። ይዞለት የመጣው ቀለበት አይደለም። ወረቀት ነው። ያላቸውን ነገር ሁሉ እኩል የሚያካፍል፣ በጠበቃ የተዘጋጀ የንብረት ስምምነት። ቀጥሎም ቆንጆ ቦታ ላይ የገዛውን የመቃብር ቦታ ሸጦ ከአልበርት ጎን እንደሚቀበር ይነግረዋል። ሰው ይስቃል፣ ደግሞ ዓይኑን ይጠርጋል።

ለምን ወረቀት ሆነ? ምክንያቱም በ1996 ለእነዚህ ሰዎች ሌላ ምንም አልነበረም። በየትኛውም የአሜሪካ ግዛት መጋባት አይችሉም። ፍሎሪዳ ደግሞ የባሰች ነበረች። በ1977 ዘፋኟ አኒታ ብራያንት “ልጆቻችንን እናድን” የሚል ዘመቻ መርታ፣ ማያሚ ባለችበት በዴድ አውራጃ ጌይ ሰዎችን ከመድልዎ የሚጠብቀው ደንብ በሕዝብ ድምፅ ተሰረዘ። ያኔውኑ ግዛቲቱ ጌይ ሰዎች ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በሕግ ከለከለች። ያ ክልከላ እስከ 2010 ቆየ፤ ያፈረሰው የይግባኝ ፍርድ ቤት ነው።

ይህን ይዛችሁ ፊልሙን መልሳችሁ እዩት። አልበርት ቫልን ከሕፃንነቱ አሳድጎታል፤ በፍሎሪዳ ሕግ ግን ለልጁ ባዳ ነው። ጉዲፈቻ ልውሰደው ቢል ሕጉ በሩን ዘግቶበታል። አርማንድ ድንገት ቢሞት ቤተሰብ ነኝ የሚልበት ማስረጃ የለውም። ያ የአውቶቡስ መጠበቂያ ወረቀት ያንን ሁሉ ክፍተት በአንድ ፊርማ ለመሙላት የሚሞክር ሰው ወረቀት ነው። ፊልሙ ይህን አያብራራም፤ ማብራራትም አያስፈልገውም ነበር። በዚያ ወንበር ላይ የተቀመጡትን የሚመስሉ ጥንዶች ሲኒማ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ያውቁታል።

ለዚህም ነው ቫል በራቱ መሃል የአልበርትን ዊግ በእጁ አንስቶ፣ እናቴ ይሄ ነው የሚለው ቅጽበት ያን ያህል የሚከብደው። ሕጉ ሊል ያልቻለውን አንድ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለው። እውነቱን ለመናገር ግን ቫልን ሙሉ በሙሉ ይቅር ለማለት ይከብደኛል። ያሳደገውን ሰው ከገዛ ቤቱ ውጣልኝ ያለ ልጅ ነው፤ ፊልሙ በቶሎ አለፈለት። አንድ ጠንከር ያለ የይቅርታ ትዕይንት ይገባው ነበር።

ሌሎች ቅሬታዎችም አሉ፣ እውነትም ናቸው። አልበርት ይጮኻል፣ ይዘላል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ጌይ ሰው ማለት ይህ ብቻ ነው ወይ ያሉ ሰዎች በጊዜውም ነበሩ። የቤት ሠራተኛው አጋዶር ጓቲማላዊ ነው፣ የተጫወተው ሃንክ አዛሪያ ግን የላቲን አሜሪካ ሰው አይደለም። ዛሬ ቢሆን እንደዚያ አይመደብም፣ መመደብም የለበትም። የጥንዶቹም ፍቅር በጥንቃቄ የታጠረ ነው፤ ሁለት ወንድና ሴት ቢሆኑ የሚፈቀድላቸውን ያህል እንኳን አይቀራረቡም። ያም ሆኖ ፊልሙ በንግግሩ ምክንያት አር የሚል የዕድሜ ገደብ ደረጃ ተሰጥቶት ነው የወጣው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን ከካሜራው ጀርባ የሆነው ነው። ኔታን ሌን ራሱ ጌይ ነው። ቅርብ ሰዎቹ ያውቁ ነበር፣ ሕዝብ ፊት ግን ያኔ ገና አልተናገረም ነበር። ፊልሙን ለማስተዋወቅ ከዊልያምስ ጋር የኦፕራ ዊንፍሬ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ ሲቀርብ፣ ጥያቄው ወደዚያ ቢዞር ምን እንደሚል ጨንቆት ነበር። ጥያቄው ወደዚያ ማምራት ሲጀምር ዊልያምስ ቀልድ እያፈነዳ ወሬውን ወደ ሌላ ወሰደው። ይህን ሌን ራሱ ከዓመታት በኋላ በምስጋና ተናግሮታል። አስቡት። ጌይ መሆንን መደበቅ ክብር እንደሚያሳጣ የሚያስተምር ፊልም ዋና ተዋናይ፣ ፊልሙን ሊሸጥ ሲወጣ ራሱን መደበቅ ነበረበት። ሆሊውድ ታሪኩን ወድዶታል፤ ሰውየውን ለመቀበል ግን ገና አልቆረጠም። ሌን በአደባባይ የተናገረው በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ማቲው ሼፐርድ የተባለ የ21 ዓመት ተማሪ ዋዮሚንግ ውስጥ ጌይ በመሆኑ ተደብድቦ ተገድሎ ነበር።

በዚያው በ1996፣ ፊልሙ ከወጣ ስድስት ወር እንዳለፈው፣ ኮንግረስ ጋብቻ ማለት የወንድና የሴት ብቻ ነው የሚለውን የፌዴራል ሕግ አጸደቀ። በተወካዮች ምክር ቤት 342 ለ67፣ በሴኔት 85 ለ14። ፕሬዚዳንት ክሊንተን በሴፕቴምበር 21 ፈረሙ። የሕዝብ አስተያየት የሚለካው ጋለፕ በዚያ ዓመት ሲጠይቅ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻን የደገፈው አሜሪካዊ 27 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ “ፊልሙ አሜሪካን ቀየረ” የሚለውን አባባል አልቀበለውም። አርማንድና አልበርትን አይቶ በሳቅ የፈነዳው ሕዝብና ያንን ሕግ የደገፈው ሕዝብ በአብዛኛው አንድ ሕዝብ ነው። ሰውን መውደድና መብቱን ማክበር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ሆነው ለረጅም ጊዜ ጎን ለጎን መኖር ይችላሉ።

ያደረገውን ግን አሳንሼ አላይም። ከእሱ በፊት “ፕሪሲላ” የተባለው የአውስትራሊያ ፊልም በ1994፣ እነ ፓትሪክ ስዌዚና ዌስሊ ስናይፕስ ቀሚስ የለበሱበት “ቱ ዎንግ ፉ” ደግሞ በ1995 ወጥተው ነበር። ሁለቱም ድራግ ኩዊኖችን መንገድ ላይ ነው የሚያሳዩን፤ መጥተው ከተማ አነቃቅተው የሚሄዱ እንግዶች ናቸው። “ዘ በርድኬጅ” ቤት ውስጥ አስቀመጣቸው። ልጅ አላቸው፣ የሚቃጠል ወጥ ቤት አላቸው፣ የቤት ውስጥ ንትርክ አላቸው። የአሜሪካ የስክሪን ተዋናዮች ማኅበርም የዓመቱ ምርጥ የተዋናዮች ስብስብ ብሎ ሸለማቸው። በ1998 “ዊል ኤንድ ግሬስ” በቴሌቪዥን ሲጀምር ሰዉ እንዲህ ያለውን ገጸ ባሕርይ ሳሎኑ ውስጥ ለማየት ለምዶ ነበር። ከ2009 ጀምሮ ደግሞ የሩፖል የድራግ ውድድር ኩዊኖቹን ራሳቸውን፣ በራሳቸው ስምና ታሪክ፣ ኮከብ አደረጋቸው።

ጋብቻው በ2015 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተፈቀደ። የ1996ቱን ሕግ ኮንግረስ ራሱ በ2022 ሻረው። የአርማንድ ወረቀት የሚሞላው ክፍተት ተዘጋ ማለት ነው።

ክርክሩ ግን ከቤተሰቡ ወደ መድረኩ ዞረ። ቴነሲ በማርች 2023፣ ፍሎሪዳ በሜይ፣ ልጆች ባሉበት የሚቀርብን ትርኢት የሚገድብ ሕግ አወጡ። ደጋፊዎቹ ልጅን መጠበቅ ነው ይላሉ። ልጅ ማየት የሌለበት ትርኢት እንዳለ ማንም ጤነኛ ሰው አይክድም፤ ለዚህም ድሮውኑ ለልጆች ጸያፍ የሆነን ነገር የሚከለክል ሕግ አለ። የኦርላንዶው ዳኛም ይህንኑ አንስተዋል፤ አዲሱ ሕግ የቱን እንደሚከለክል ግልጽ አይደለም ብለዋል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በኖቬምበር 2023 ፍሎሪዳ እግዱ ይጥበብልኝ ብላ ያቀረበችውን ጥያቄ አልተቀበለም።

“ዘ በርድኬጅ” ላይ የተለጠፈው አር ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ አይግባ ማለት ነው። አባት ወይም እናት ልጄ ይህን ቢያይ ግድ የለኝም ካሉ ይዘውት ይገባሉ። በፍሎሪዳው ሕግ ግን እናትየው ልጇን ይዛ ብትመጣም፣ ራሷ ፈቅዳ ብታስገባውም፣ የቤቱን ባለቤት ከቅጣት አያድነውም። ልጁ ምን ማየት እንዳለበት የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው ሐምበርገር ሜሪስን ፍርድ ቤት ያቆመው።